ክሎሩ የት ገባ?

የድሬዳዋው ደቻቱ ከጎርፍ ወር ውጭ መንገድ እንጂ ወንዝ አይደለም። አንድ አመሻሽ ላይ፣ ከድልድዩ ዝቅ ብሎ አሸዋው ላይ፣ አንድ ወጣት የኤሌክትሪክ ገመድ ከምሮ ያቃጥል ነበር። ሽፋኑ ነዶ ሲያልቅ መዳቡን ለቁራሌው ይሸጣል። ጢሱ ጥቁርና ወፍራም ነው። ነበልባሉ ግን ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ነው፤ ከዝናብ በኋላ እንደበቀለ ሣር ያለ አረንጓዴ። ከቀፊራ ገበያ የሚመለሱ አንዲት እናት በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው ቆሙና፣ «አንተ ልጅ፣ ይኼ እኮ መርዝ ነው፤ ሳንባህን ይበላዋል!» አሉት። ልጁ አልተቆጣም። በፌሮ ቁራጭ እሳቱን እያማሰለ፣ «አቦ እናቴ፣ ፕላስቲክ ነው እንጂ መርዝ አይደለም። የውሃ ቱቦውስ ከዚሁ አይደል የተሠራው? እንጠጣበት የለ!» አላቸው። እናትየዋ መልስ አጡ። ዘምቢላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ያ መልስ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ውሸት ቢሆን ኖሮ ይረሳ ነበር። ነገር ግን ግማሹ እውነት ነው፤ የሚያሳስተውም ያ እውነት የሆነው ግማሽ ነው። የውሃ ቱቦውና የገመዱ ሽፋን የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ቱቦው የሚያጠጣውን ሰው አይመርዝም። ጢሱ ይመርዛል። ሁለቱም የተወለዱበት ቪኒል ክሎራይድ የሚባለው ጋዝ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ፣ የራሱ የሆነ መርዝ አለው። ሦስቱን ሳይለዩ «ፒቪሲ ነቀርሳ ያመጣል» ማለትም «ምንም አያደርግም» ማለትም ስሕተት ነው።

ለመለየት አንዲት አቶም መከተል ይበቃል፤ ክሎሯን።

ድሬን የማያውቃት ጋዝ

ቪኒል ክሎራይድ ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ ሁለት ካርቦን፣ ሦስት ሃይድሮጂን፣ አንድ ክሎር። ሁለቱ ካርቦኖች የተያያዙት በአንድ ሳይሆን በሁለት ማሰሪያ ነው። ደግ ሥራውም ክፉ ሥራውም ከዚያች ሁለተኛ ማሰሪያ ይመነጫል። ፈረንሳዊው ሄንሪ ቪክቶር ሬኞ እ.ኤ.አ. በ1835 ነው መጀመሪያ የሠራው። ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራው ከኤቲሊንና ከክሎር ነው። ሁለቱ ተዋህደው ዳይክሎሮኤቴን የሚባል ፈሳሽ ይሆናሉ፤ ይህ ፈሳሽ ወደ 500 ዲግሪ ሲሞቅ ተሰንጥቆ ቪኒል ክሎራይድና ሃይድሮጂን ክሎራይድ ይወጣዋል። ተራፊው ሃይድሮጂን ክሎራይድ አይጣልም። ከኦክስጅንና ከኤቲሊን ጋር በመዳብ ክሎራይድ ላይ እንዲያልፍ ይደረግና እንደገና ዳይክሎሮኤቴን ይሆናል። መዳብ ክሎራይድ የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ ደቻቱ አሸዋ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ጋዙ የሚፈላው ከዜሮ በታች በ13 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ በፈሳሽ መልክ የሚጓጓዘው በግፊት ታምቆ ነው። ከአየር በእጥፍ ስለሚከብድ ሲፈስ ወደ ጉድጓድና ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። በአየር ውስጥ መጠኑ ከ3.6 እስከ 33 በመቶ ከሆነ ብልጭታ ያቀጣጥለዋል። ሽታው ጣፋጭ ነው ይባላል፤ ሽታውን ማመን ግን ራስን ማጥፋት ነው። አፍንጫ የሚለየው ከሚሊዮን 3,000 ክፍል ገደማ ሲደርስ ሲሆን፣ በአሜሪካ ሕግ ሠራተኛ በስምንት ሰዓት ፈረቃ እንዲተነፍስ የሚፈቀደው አማካይ መጠን ከሚሊዮን 1 ክፍል ነው። ሽታው ሲሰማህ ከወሰኑ ሦስት ሺህ ጊዜ አልፈሃል ማለት ነው።

ይህ ጋዝ ድሬን አያውቃትም። አገራችን ውስጥ የሚሠራው ፋብሪካ የለም። የቱቦ ፋብሪካዎቻችን የሚጠቀሙበት ጥሬ ዕቃ ከውጭ የሚመጣ፣ ፉርኖ ዱቄት የሚመስል ነጭ ዱቄት ነው፤ ያን ጊዜ ጋዙ ጋዝ መሆኑን ትቷል። ያም ሆኖ ስለ ጋዙ ማወቅ አለብን፤ «ፒቪሲ ነቀርሳ ያመጣል» የሚለው ወሬ ሥሩ እዚያ ነውና።

ሰው ሲተነፍሰው ጉበት እንደማንኛውም እንግዳ ነገር ሊያስወግደው ይነሳል። በዚያች ሁለተኛ ማሰሪያ ላይ ኦክስጅን ይለጥፍበትና ክሎሮኤቲሊን ኦክሳይድ ያደርገዋል፤ ያም ወዲያው ወደ ክሎሮአሴታልዲሃይድ ይለወጣል። ሁለቱም ከዲኤንኤ ጋር ይጣበቃሉ፤ ሕዋሱ ሲባዛም ፊደሉን ተሳስቶ ይገለብጣል። ጉበት ሊያጸዳ ብሎ የባሰውን ይሠራል። ከዚህ የሚመጣው ነቀርሳ የጉበት አንጂዮሳርኮማ ይባላል፤ በጉበት ደም ሥሮች ላይ የሚነሳ፣ እጅግ ብርቅ የሆነ በሽታ ነው። ያጋለጠውም ብርቅነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 መጀመሪያ ላይ፣ በአሜሪካዋ ሉዊቪል ከተማ በሚገኝ የፒቪሲ ፋብሪካ፣ ጆን ክሪች የተባለ ሐኪም በአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ይህ በሽታ መደጋገሙን አስተዋለ። ተራ የሳንባ በሽታ ቢሆን ኖሮ በሲጋራ ተሳብቦ ይቀር ነበር። ከዚያ በፊት ጣሊያን ውስጥ ፒየርሉዊጂ ቪዮላ እና ቼዛሬ ማልቶኒ በአይጦች ላይ ዕጢ አይተው ነበር። በአሜሪካ ከሚሊዮን 500 ክፍል የነበረው ወሰን በ1975 ወደ 1 ወረደ።

ከሁሉም በላይ የተጎዱት አውቶክሌቭ የሚያጸዱት ነበሩ። አውቶክሌቭ ጋዙ ወደ ፒቪሲ የሚለወጥበት የታሸገ ትልቅ ጋን ነው። በየዙሩ ግድግዳው ላይ ቅርፊት ይጋገርበታል። የምጣድ ቅሪት እንደሚፋቅ ሁሉ ሰው በጠባቡ አፍ ገብቶ በመሮ ይፍቀው ነበር። ያልተለወጠ ጋዝ ቅርፊቱ ውስጥ ታምቆ ስለሚቀር በተፋቀ ቁጥር ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል። እነዚህ ሰዎች ጣቶቻቸው በብርድ ይነጡ ነበር፤ የአንዳንዶቹም የጣት ጫፍ አጥንት ሟሙቶ ጣታቸው አጥሯል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ነቀርሳው ግን ብዙውን ጊዜ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው የሚገለጠው፤ ስለዚህ ጣት ለጉበት ሲመሰክር የሰማው አልነበረም። በኋላ ግድግዳውን ቅርፊት እንዳይዝ መቀባትና በኃይለኛ የውሃ ግፊት ከውጭ ማጠብ መጣ፤ ሰውም ከጋኑ ወጣ።

በ57 ዲግሪ የሚሆነው

አሁን ክሎሯ ቤት ትቀይራለች።

ጋኑ መጀመሪያ አየሩ ይመጠጣል፤ ኦክስጅን ከጋዙ ጋር ሲገናኝ በቀላሉ የሚፈነዳ ፐርኦክሳይድ ሊሠራ ይችላልና። ከዚያ የተጣራ ውሃ ይገባል፤ ትንሽ ፖሊቪኒል አልኮል ይጨመራል፤ እጅግ ጥቂት የፐርኦክሳይድ ቀስቃሽ፣ ከጋዙ ክብደት ከሺህ አንድ ያልበለጠ፣ ይከተላል፤ በመጨረሻም ፈሳሹ ቪኒል ክሎራይድ በግፊት ይገፋበታል። ማማሰያው ሲሽከረከር ፈሳሹ ውሃው ውስጥ ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይበተናል። ፖሊቪኒል አልኮሉ የጠብታዎቹን ቆዳ ስለሚሸፍን መልሰው አይጣበቁም። እያንዳንዷ ጠብታ የራሷ ፋብሪካ ናት።

ለቱቦ የሚሆን ፒቪሲ ሲሠራ ሙቀቱ ወደ 57 ዲግሪ ገደማ ይያዛል። ቀስቃሹ ተሰብሮ አንድ ብቸኛ ኤሌክትሮን የተሸከመ ቅንጣት ይወጣዋል፤ ያ ቅንጣት የአንዱን ሞለኪውል ሁለተኛ ማሰሪያ ከፍቶ ይይዘዋል። አዲሱ ጫፍ ሌላውን ይከፍታል፤ ሌላውም ሌላውን። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሞለኪውሎች እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። የሰንሰለቱን ርዝመት የሚወስነው ከቀስቃሹ መጠን ይልቅ ሙቀቱ ነው። ሲሞቅ ጫፉ ቶሎ ቶሎ ወደ አዲስ ሞለኪውል ስለሚዘል ሰንሰለቱ ያጥራል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ዲግሪ መሳት ማለት የቱቦ ዱቄት አስቦ የጠርሙስ ዱቄት ማምረት ነው።

አስቸጋሪው ሙቀቱን መያዙ ነው። 1 ኪሎ ጋዝ ወደ ፒቪሲ ሲለወጥ ወደ 1,500 ኪሎጁል ሙቀት ይለቃል፤ ከ4 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ነው። ጋኑ ውስጥ ያለው ደግሞ ብዙ ቶን ነው። መብራት ጠፍቶ ማማሰያው ቢቆም፣ ወይም የማቀዝቀዣው ውሃ ቢቋረጥ፣ ሙቀቱ ሥራውን ያፋጥነዋል፤ የፈጠነው ሥራም ሙቀት ይጨምራል። ለዚህ ነው ማጥፊያ የሚባለው ኬሚካል በራሱ ግፊት ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው፤ መብራት በሌለበት ሰዓት በፓምፕ እስኪገባ አይጠበቅም።

ሠራተኛው ዓይኑን የሚተክለው በግፊት መለኪያው ላይ ነው። ለሰዓታት ግፊቱ ከ8 እስከ 10 ባር አካባቢ ንቅንቅ አይልም። ከጋዙ ወደ ሦስት አራተኛው ሲለወጥ በድንገት መውረድ ይጀምራል። ነጻ የሆነው ፈሳሽ ማለቁን፣ የቀረው ጋዝ በጠጣሩ ቅንጣት ውስጥ ተመጥጦ መቅረቱን የሚያሳውቀው ምልክት ይህ ነው። ከ85 እስከ 90 በመቶ ሲደርስ ሥራው ይቆማል። የተረፈው ጋዝ ይመለሳል፤ ዱቄቱ ደግሞ በእንፋሎት ይታጠባል።

ቱቦውን የሚጠጣበት ያደረገው ይህ የእንፋሎት እጥበት ነው። ሁለተኛዋ ማሰሪያ ከተከፈተች በኋላ ጉበት የሚይዘው ነገር የለውም፤ ሰንሰለቱ ራሱ ለሕዋስ ባዕድ ነው፣ አይገባም፣ አይፈርስም። ከጋዙ በኩል የሚያሰጋው በቅንጣቱ ውስጥ ታምቆ የቀረው ያልተለወጠው ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት በተሠሩ ቱቦዎች ውስጥ ይህ ቅሪት ብዙ ስለነበር ውሃ ውስጥ ይገባ ነበር። ዛሬ በደንብ የታጠበ ዱቄት ውስጥ ከሚሊዮን 1 ክፍል በታች ነው። ልጁ «እንጠጣበት የለ!» ሲል ልክ የሆነው እዚህ ላይ ነው።

ባቡሩ

ድሬ የባቡር ልጅ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ የተወለደች። ስለዚህ ይህን መዝለል አይቻልም።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2023 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኢስት ፓለስታይን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የዕቃ ባቡር ከሐዲዱ ወጣ። ሐዲዱን የሳቱት ፉርጎዎች 38 ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ አምስቱ ቪኒል ክሎራይድ የጫኑ ነበሩ፤ በጠቅላላው ከ400 ሺህ ሊትር በላይ። አጠገባቸው እሳት ይነዳል። አዛዦቹ የፈሩት ጋኑ ውስጥ ያየነውን ነው፤ ፈሳሹ ታንከር ውስጥ ሆኖ በራሱ ሰንሰለት መሥራት ቢጀምርና ሙቀቱ ቢያመልጥስ? በሦስተኛው ቀን ታንከሮቹን በፈንጂ በስተው ፈሳሹን ጉድጓድ ውስጥ አቃጠሉት። ጥቁሩ ደመና በዓለም ሁሉ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምርመራውን ሲጨርስ፣ ማቃጠሉ አስፈላጊ እንዳልነበረ፣ በታንከሮቹ ውስጥም ሰንሰለት መሥራት አለመጀመሩን ገለጸ።

ማስረጃው ቀላል ነበር፤ ያሳሰባቸው ታንከር ሙቀት ከፍ ካለ በኋላ ወደ ታች እየወረደ ነበር። ሰንሰለት መሥራት ሙቀት ይወልዳል፤ የጀመረ ቢሆን ሙቀቱ ይጨምር እንጂ አይቀንስም። ታንከሩ ውስጥ ደግሞ ቀስቃሽ አልተጨመረም። ያን ቴርሞሜትር በትክክል አንብቦ፣ ያነበበውን ለሚወስነው ሰው በጊዜ የሚያደርስ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ክሎሩ ሁሉ ወደ ሃይድሮጂን ክሎራይድ ተለውጦ በሕዝብ ላይ ባልወጣ ነበር። ይህን ጉዳይ ሳስብ የሚያመኝ ይህ ነው። ቁጥሩ እዚያው ነበር።

ጋዙ ሳይቃጠል አየር ላይ ቢለቀቅ ፀሐይ የምትፈጥራቸው ቅንጣቶች በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ግማሹን ያፈርሱታል። ከመሬት በታች ውሃ ውስጥ ከገባ ግን ለወራትና ለዓመታት ይቆያል።

የሚፈታው ከየት ነው

ብዙ ሰው ፒቪሲ ሲቃጠል ተመልሶ ቪኒል ክሎራይድ የሚሆን ይመስለዋል። አይሆንም። እንደ መስታወት የሚያበራው አክሪሊክ ያለ ፕላስቲክ ሲሞቅ ወደ መጣበት ነጠላ ሞለኪውል ይመለሳል። ፒቪሲ ግን የሄደበትን መንገድ አይመለስም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሰንሰለቱ ከመቆረጡ በፊት ክሎሯ ከጎኗ ያለውን ሃይድሮጂን ይዛ ትወጣለች። ሃይድሮጂን ክሎራይድ ትሆናለች፤ እርጥበት ካገኘች ደግሞ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ። አንዷ ስትወጣ የጎረቤቷን ማሰሪያ ታላላለች፤ ያቺም ትወጣለች። ዚፕ እንደሚከፈት እስከ ታች ይፈታል። የወጣው አሲድ ራሱ ደግሞ መፈታቱን ያፋጥናል።

መጀመሪያ የሚፈታው የት ነው? «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። በጋኑ ውስጥ ሰንሰለቱ በጥድፊያ ሲያያዝ አልፎ አልፎ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ፤ ቅርንጫፍ የወጣበት፣ ወይም ክሎሯ ከድርብ ማሰሪያ አጠገብ ያረፈችበት። እሳቱ የሚያገኘው እነዚያን ነው።

ዓይን ይህን ያያል። የቧንቧ ሠራተኛ የቱቦ ጫፍ ለማስፋት ፍም ላይ ሲያዞር አስተውሉ። ግራጫው መጀመሪያ ይለሰልሳል፤ ቀጥሎ ጠርዙ ቢጫ ይላል፤ ከዚያ ቡናማ፤ ከዚያ ጥቁር። ቀለሙ ጥላሸት አይደለም። ክሎር በወጣበት ቦታ ተራ በተራ የተደረደሩ ድርብ ማሰሪያዎች ብርሃን መዋጥ ሲጀምሩ ነው ቢጫው የሚመጣው። ቢጫ ታየ ማለት ክሎር እየወጣ ነው ማለት ነው። ጉሮሮ የሚቆነጥጠው በዚያች ደቂቃ ነው። ያ የጠቆረ ጫፍ ደግሞ ደርቆ ስለሚሰበር መገጣጠሚያው ከዓመት በኋላ ያፈስሳል።

ፍም በመቶዎች ዲግሪ ነው፤ ፒቪሲ ግን የሚለሰልሰው 80 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ድሬ ላይ ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የፈላ ውሃ ይበቃል። የቱቦውን ጫፍ ድስት ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አቁሞ፣ በጓንት አውጥቶ፣ ወዲያው ሌላው ቱቦ ላይ መግፋት ነው። ከዚህም የሚሻለው ማያያዣና ጎሚቶ መግዛት ነው፤ ዋጋው ከአንድ ፍሳሽ ጥገና ያንሳል። ኮላው ከተቀባ በኋላም አንድ ቀን ሳይደርቅ ውሃ አይለቀቅበት፤ የመጀመሪያው ውሃም ይፍሰስ። ሽታ ያለው የኮላው ፈሳሽ ነው እንጂ ቱቦው አይደለም።

እቤት ውስጥ ደግሞ ቡና ሲፈላ ከምድጃ ፍም ይወድቅና የፕላስቲክ ምንጣፉን ይበሳዋል። ምንጣፉ በአብዛኛው ፒቪሲ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። አምስት ግራም ምንጣፍ ቢቃጠል፣ ከዚያም ሁለት ግራሙ ፒቪሲ ቢሆን፣ ክሎሩ ሁሉ ሲወጣ ከሦስት ሩብ ሊትር በላይ ሃይድሮጂን ክሎራይድ ነው። አራት በአራት የሆነ፣ ጣሪያው ሦስት ሜትር የሆነ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሚሊዮን ወደ 16 ክፍል ይሆናል። በሥራ ቦታ ለአፍታም መታለፍ የሌለበት ወሰን 5 ነው። በርና መስኮት ከፍቶ ሕፃናትን ማውጣት ይቅደም፤ ምንጣፉ ቆይቶ ይታያል። ፍሙ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ከሣሩ በታች የብረት ትሪ ቢነጠፍ ጉዳዩ ያልቃል።

ውሃውስ?

እዚህ ላይ አጠር ላድርገው። ቱቦ ሲገዛ ለመጠጥ ውሃ የተሠራ መሆኑ ይጠየቅ። ለፍሳሽና ለኤሌክትሪክ የሚሸጠው እርሳስ ያለበት ማረጋጊያ ሊኖረው ይችላል፤ ማረጋጊያ ማለት የሚወጣውን ክሎር እየያዘ መፈታቱን የሚያቆም ጨው ነው። ለመጠጥ የሚመረጠው በካልሲየምና ዚንክ የተረጋጋው ነው። ሳቢያን ሰፈር ጣሪያ ላይ ለፀሐይ የተዘረጋ ቱቦ ደግሞ ነጭ የውሃ ቀለም ይቀባ። ፀሐይ ቆዳውን ታደርቀዋለች፤ ሙቀቱ 45 ሲደርስም የሚችለው ግፊት ከተጻፈበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል። ሮቶው ፒቪሲ አይደለም፤ ፖሊኢቲሊን ነው፣ ክሎር የለበትም። መለየት ካስፈለገ ቁራጩን ውሃ ውስጥ መጣል ነው። የሮቶ፣ የጄሪካንና የፌስታል ቁራጭ ይንሳፈፋል፤ ፒቪሲ ይሰምጣል።

ከቱቦው ይልቅ የሚያሳስበው የጉድጓዱ ውሃ ነው። ድሬ የምትጠጣው ከመሬት በታች የሚወጣ ውሃ ነው። ትራይክሎሮኤቲሊን የሚባለው የቅባት ማጠቢያ ፈሳሽ መሬት ላይ ከተደፋ፣ አየር በማይደርስበት ጥልቀት ያሉ ባክቴሪያዎች ክሎሩን አንድ በአንድ ይነቅሉለታል። ሦስት የነበረው ሁለት፣ ከዚያ አንድ ይሆናል። አንድ ክሎር የቀረው ቪኒል ክሎራይድ ነው፤ ከድጡ ወደ ማጡ። ያቺን የመጨረሻ ክሎር የሚነቅሉት እንደ ዴሃሎኮኮይደስ ያሉ ጥቂት ባክቴሪያዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ከሌሉ እዚያው ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 0.0003 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ የቅባት ማጠቢያ የሚጠቀም ሰው ዝቃጩን በታሸገ በርሜል ያስቀምጥ፤ አሸዋ ላይ አይድፋ።

መዳብ ሲገባበት

ወደ አረንጓዴው ነበልባል እንመለስ።

ፒቪሲ ከክብደቱ 57 በመቶ ክሎር ነው። በገመድ ሽፋን ውስጥ ማለስለሻና የኖራ ድንጋይ ዱቄት ስለሚቀላቀል፣ ንጹሑ ፒቪሲ ግማሽ ነው እንበል። 1 ኪሎ ሽፋን ሲነድ እስከ 200 ሊትር የሚጠጋ ሃይድሮጂን ክሎራይድ ይወጣዋል፤ የኖራው ዱቄት ጥቂቱን ይይዝለታል። አሸዋው ላይ ነፋስ ስላለ ልጁ አይሞትም። ዓይኑ ይቃጠላል፤ ያስለዋል። ብዙ የጠጣ ሰው ደግሞ ለጊዜው ደህና መስሎ፣ ማታ ሳንባው ውሃ ሊቋጥር ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ትንፋሽ ካጠረው «ጉንፋን ነው» ተብሎ አይተኛ፤ ሐኪም ይየው። ዓይኑም በንጹሕ ውሃ ለሩብ ሰዓት ይታጠብ።

የከፋው ግን አረንጓዴው ነው። የወጣው ክሎር የጋለውን መዳብ ሲነካ መዳብ ክሎራይድ ይሆናል። መዳብ ክሎራይድ በነበልባል ውስጥ የሚያበራው በዚያ ሣር በመሰለ ቀለም ነው። ከላይ ያዙልኝ ያልኩት ቃል ይኸው። ፋብሪካው ክሎርን ወደ ካርቦን መልሶ ለማሰር የሚጠቀምበት ቁስ፣ እዚህ አሸዋ ላይ ሳይፈለግ ተሠርቷል። ክሎር አለ፤ ኦክስጅን አለ፤ ያልነደደ ካርቦን አለ፤ መዳቡም አለ። ጢሱ ሲበርድ፣ ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ባለው መካከል፣ ክሎር ከካርቦኑ ጋር ዳግመኛ ትጋባለች፤ ከልጆቻቸውም አንዱ ዳዮክሲን የሚባለው ብርቱ መርዝ ነው። የቱቦ ቁራጭ ብቻውን ሲነድም ዳዮክሲን ይወጣዋል። መዳብ ያለበት ገመድ ግን የዳዮክሲን ምድጃ ነው።

ዳዮክሲን አይሸትም፤ አያስልም። አመድ ላይ ያርፋል፤ ስብ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰውነት ግማሹን ለማስወጣት ከሰባት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። አሸዋው ላይ የምትለቅም ፍየል ወተቷ ውስጥ፣ የምትጭር ዶሮም እንቁላሏ ውስጥ ታስገባዋለች። በአሮጌ ገመድ ሽፋን ውስጥ የነበረው እርሳስም አመዱ ውስጥ ይቀራል፤ ደቻቱ ሲሞላ ተሸክሞት ይሄዳል።

እናትየዋ ልክ ነበሩ፤ መልስ ያጡት ስሕተት ስለሆኑ አልነበረም። ልጁም መዳቡን መሸጥ አለበት። ስለዚህ ስለ መላጡ እንናገር።

ወፍራሙን ገመድ ከቀጭኑ መለየት መጀመሪያ ነው። በወፍራሙ ክብደት አብዛኛው መዳብ ስለሆነ ልፋቱ ይመለሳል። በሳንቃ ላይ ገመዱ የሚያልፍበት ቦይ ይቆረጥና፣ ከቦዩ በላይ ምላጭ በሁለት ሚስማር አጋድሞ ይመታል፤ ምላጩ ሽፋኑን ብቻ እንዲነካ ከቦዩ ወለል ከፍ ይላል። የገመዱ ጫፍ አንድ ስንዝር በቢላ ተልጦ በቦዩ ይገባና ከወዲያ በፒንሳ ይጎተታል፤ ሽፋኑ ርዝመቱን ይሰነጠቃል። እጅ የሚጎትተው ከምላጩ እየራቀ ነው እንጂ ወደ ምላጩ እየቀረበ አይደለም። ሽፋኑ አዲስና ለስላሳ ከሆነ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የድሬ ፀሐይ ላይ ይዘርጋ፤ ማለስለሻው ስለሚላላ እንደ ሙዝ ልጣጭ ይወጣል። ያረጀና የደረቀ ከሆነ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጠዋት በቅዝቃዜው ድንጋይ ላይ አድርጎ በመዶሻ መቀጥቀጥ ነው፤ ማለስለሻው ስላለቀ ተሰባብሮ ይረግፋል። እንደ ፀጉር የቀጠነው ገመድ በእጅ አይላጥም፤ እንዳለ ሳይቃጠል በኪሎ ይሸጥ። ተልጦ የወጣው መዳብ ቀይ ነው፤ ያበራል። ከእሳት የወጣው ጥቁር ነው፤ ሲታጠፍ ቅርፊቱ ይረግፋል፤ ሚዛን የያዘውም ሰው ሁለቱን ከሩቅ ይለያቸዋል።